ያምልጥህ

ዶክተር ዘሃራ አርፈው፣ ታጥበው፣ ተሰግዶባቸው ሲቀበሩ እኔ ተኝቼ ነበር።

ይህን የምጽፈው ይቅርታ ለመጠየቅ አይደለም። ከዚያ ቀን ወዲህ ያገኘኝ ሐኪም ሁሉ «እውነት ነው ተኝተህ ነበር የሚባለው?» እያለ ሲያደርቀኝ ስለከረመ፣ አንዴ በጽሑፍ መልሼ ልገላገል ብዬ ነው። አዎ፣ እውነት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ተረኛ ሆኜ አድሬ፣ በማግስቱ ሆዱን ከፍቼ የማክመው ሰው አልጋ ይዞ እየጠበቀኝ፣ ጠዋት ቤቴ ገባሁ። ስልኬን አጠፋሁ። መስኮቴን በወፍራም ጨርቅ ጋረድኩ። ተኛሁ። እሳቸው ረፋዱ ላይ አረፉ። የሙስሊም ቀብር አይቆይም፤ ከቀትር በኋላ ከሚሰገደው የአስር ሶላት ቀጥሎ አፈር ለበሱ። እኔ ስነቃ ፀሐይዋ አዘቅዝቃ የአዳማ ሙቀት እንኳ በረድ ማለት ጀምሯል።

ስልኬን ስከፍተው የሆስፒታላችን ሐኪሞች የቴሌግራም ግሩፕ በሻማ ምስል ተጥለቅልቋል። ከሻማው ሥር «ነፍስ ይማር»፣ ከነፍስ ይማሩ ሥር ደግሞ ሌላ ሻማ። ሟቿ በዚያ ግሩፕ ውስጥ አንድም ቀን ገብተው አያውቁም። ባልደረባዬ ዶክተር ቶሌራ በድምፅ የላከው መልእክትም ነበር። «ሄኖክ! የት ነው ያለኸው? ሰው እንዴት በእንዲህ ያለ ቀን ስልኩን ያጠፋል? አስከሬናቸው ሊወጣ ነው እኮ!» ይላል። ከበስተጀርባው የሰው ጫጫታና የመኪና ጡሩምባ ይሰማል።

አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። አልቅሼ ስጨርስ ጆሮዬ ላይ የቀረው የእሳቸው ድምፅ ነበር፤ ያቺው ሁላችንንም ስታበሳጨን የኖረች አንዲት ቃላቸው። «ያምልጥህ!»

መጀመሪያ የሰማኋት የቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት ለመሆን ወደ አዳማ በመጣሁ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፤ በስም ሳልጠራውም የሚያውቀው ያውቀዋል። ዶክተር ዘሃራ የቀዶ ሕክምና ክፍሉ ኃላፊ ነበሩ። አጭር፣ ወፈር ያሉ፣ ሻሻቸውን በነጩ ጋውን አንገት ውስጥ ወትፈው የሚሄዱ፣ ገና ከኮሪደሩ ጫፍ በነጠላ ጫማቸው ድምፅ የሚታወቁ ሴት ናቸው። ዘራቸው ከወሎ ነው፤ ያደጉት አሰላ። ኦሮምኛውን በአርሲ ዜማ፣ አማርኛውን በወሎ ለዛ ይናገሩታል፤ ሲቆጡ ግን ሁለቱንም ይቀላቅሉታል።

ጠዋት ጠዋት ሌሊቱን ተረኛ ሆኖ ያደረው ሐኪም ለሌሎቻችን ስለ ታካሚዎቹ ሪፖርት ያቀርባል። እሳቸው ሪፖርቱን ከመስማታቸው በፊት የሚጠይቁት ነገር ነበራቸው።

«አካም ቡልቴ? እንዴት አደርክ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዶክተር።»

«እግዚአብሔርንስ ሁሌም አመስግን። አንተ እንዴት አደርክ ነው የምልህ። ተኝተሃል?»

እኔ ያን ቀን ደረቴን ነፋሁ። ሐኪም ባልሆነ ሰው ዘንድ አለመተኛት ችግር ነው፤ እኛ ጋ ግን ማዕረግ ነው። ማን ስንት ሌሊት እንደቆመ እንፎካከራለን። ዓይኑ ደም የለበሰ ሬዚደንት፣ ማለትም እንደ እኔ ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማር ሐኪም፣ ጎበዝ ነው፤ ፊቱ የፈካ ሬዚደንት ሥራ ጠል ነው። ስለዚህ ከተረኝነት በቀጥታ ሞጆ ወርጄ አንድ የግል ክሊኒክ እንደሠራሁ፣ ከዚያ ተመልሼ ደግሞ ሌላ ተረኝነት እንዳደርኩ፣ ጎኔ አልጋ እንዳልነካ ዘርዝሬ ነገርኳቸው።

እስከ መጨረሻው ሰሙኝና ተነስተው መጡ። በአውራ ጣታቸው የታችኛውን የዓይኔን ቆብ ጎተት አደረጉት፤ ደም ማነስ ያለበትን ሰው እንደምናየው። አዩት፣ አዩት፣ ለቀቁት።

«አሁን ይሄ የምትነግረኝ ጉራ ነው ወይስ የበሽታ ምልክት?» አሉኝ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ያን ቀን የሚሠራው ቀዶ ሕክምና እኛ አካባቢ እምብዛም የማይገኝ የጉበት ሥራ ነበር፤ ከአዲስ አበባ ሊቅ የሆነ ሐኪም መጥቶ ነው የሚሠራው። እኔ ረዳት ሆኜ ልቆም ስሜ ተጽፏል። ዶክተር ዘሃራ ስሜን ሰረዙት።

«ሂድ ተኛ» አሉኝ።

«ዶክተር፣ ይሄ እኮ ዳግመኛ ላይገኝ ይችላል! ያመልጠኛል!»

«ያምልጥህ!»

እንዴት እንደጠላኋቸው! ከዚያ በኋላ ያንን የጉበት ቀዶ ሕክምና አይቼው አላውቅም። ለማየት ያልታደልኩትን ነገር አሁንም ባገኘው ደስ ይለኛል፤ ውሸት አልናገርም። ዶክተር ዘሃራ ያመለጠ ነገር ሁሉ ከንቱ ነው ብለው አስተምረውኝ አያውቁም። እሳቸው የሚሉት፣ ሊያመልጥህ የማይገባው እጅህ ሥር የተኛው ሰው ነው፣ ሌላው ያምልጥ ነው።

ስለ ግሩፑ ትንሽ ልበል፤ ያልገባበት ሰው ምን እንደሆነ አይገባውምና። ስሙ ለሥራ ነው። የተረኞች ስም ይወጣበታል፣ የራጅ ፎቶ ይላክበታል። ከዚያ በተረፈ ግን ማን ለሥልጠና ላንጋኖ ሄደ፣ ማን ሪዞርቱ በረንዳ ላይ ሐይቁን ከጀርባው አድርጎ ፎቶ ተነሳ፣ የቤት ማኅበር ምዝገባ ተጀመረ፣ ተጠናቀቀ፣ እገሌ የውጭውን ፈተና አለፈ፣ እገሊት ቪዛ አገኘች። አንዳንዱ ዕድል ቀድሞ ስሙን ለጻፈ ነው የሚሰጠው፤ ስለዚህ ማንም ስልኩን ከእጁ አይለይም። ስንተኛ ከትራሳችን ሥር ነው። «ጢን» ባለ ቁጥር አንድ ዓይናችንን እንከፍታለን። ተኛን እንላለን እንጂ ሌሊቱን በሙሉ ተሰልፈን ነው የምናድረው።

ዶክተር ዘሃራ የነበራቸው ባትሪ መብራት ያለው ትንሽ ተራ ስልክ ነው። ቁጥሩን የክፍሉ ነርሶች ሁሉ በቃላቸው ይይዙታል። ለታካሚ ከተደወለ በአንድ ጥሪ ያነሳሉ፤ ከገንደ ሀራ ሰፈራቸው በባጃጅ በርረው ይመጣሉ። ለሌላ ነገር ከተደወለ ደግሞ ደዋዩን ያሳፍሩታል። እናም ብዙ ነገር አመለጣቸው። የቤት ማኅበሩ ምዝገባ አመለጣቸውና እስከ መጨረሻው በኪራይ ቤት ኖሩ። የሰሙ ቀን በጣም ተናደው ነበር፤ ምሳ አልበሉም። «ታዲያ ግሩፑ ውስጥ ይግቡዋ» ብንላቸው፣ «ተናድጄስ ቢሆን እተኛለሁ። እናንተ ቤቱን አግኝታችሁም አልተኛችሁበትም» አሉን።

ታካሚዎቻችን ከሚተኙበት ዋርድ ጥግ የተሰባበረ አልጋ የሚታጎርበት ክፍል ነበር። አስጠረጉት። ሁለት አልጋ አስገቡ፣ ከቤታቸው ቬንትሌተር አመጡ፣ መስኮቱን ለቀዶ ሕክምና በምንጠቀምበት አረንጓዴ ጨርቅ ጋረዱት። ስሙንም «ላንጋኖ» አሉት። «እነሱ ለአበል ላንጋኖ ይሄዳሉ፤ እኛም እዚሁ የራሳችን ላንጋኖ አለን» ይላሉ። በሩ ላይ የኩላሊት ቅርጽ ያለው የብረት ሳህን ተቀምጧል፤ ወደ ውስጥ የሚገባ ሁሉ ስልኩን እዚያ ላይ ይጥላል። ሳህኑን የምትጠብቀው የዋርዱ ዋና ነርስ ሲስተር ጫልቱ ናት። በእሷ እጅ የገባ ስልክ ሰውዬው ተኝቶ ካልተነሳ በቀር ተመልሶ አይገኝም። የአንዱ ሬዚደንት እጮኛ ደውላ ስታስቸግር ሲስተር ጫልቱ አንስታ፣ «ላንጋኖ ሄዷል» ብላት ሠርጉ ሊፈርስ ምንም አልቀረውም።

ዶክተር ዘሃራ ይህን ያህል የሚያከርሩት ለምን እንደሆነ የነገሩኝ አንድ ቀን ብቻ ነው። ቬንትሌተሩ ተበላሽቶ እየፈታሁት ሳለ አልጋው ላይ ተቀምጠው ነበር። አባታቸው የአሰብ መንገድ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። ወደቡ ላይ ዕቃ የሚጫነው በወረፋ ነው፤ ወረፋ ያለፈው ሰው ቀናት ይቀመጣል። አንዴ ወረፋው እንዳያመልጣቸው ሳይተኙ ሲገሰግሱ ወለንጪቲ ሳይደርሱ እንቅልፍ ወሰዳቸው። አባትየው ከመኪናው በሕይወት ወጡ። አጠገባቸው የተቀመጠው ታናሽ ወንድማቸው አልወጣም።

«ከዚያ በኋላ አባቴ ተኝቶ አያውቅም» አሉኝ። «ሌሊት ሌሊት ግቢውን ሲዞር ነው የማውቀው። ለአንድ ወረፋ።»

ከዚያ ተነስተው፣ «ፍጠን፣ ሙቀቱ ሰው ሊገድል ነው» ብለውኝ ወጡ። ነገሩን ዳግመኛ አላነሱትም፤ እኔም አልጠየቅኳቸውም።

አሁን ወደ አውራ ጣቱ ጉዳይ ልምጣ።

ሞጆ ደረቅ ወደብ ዕቃ አራግፎ የሚመለስ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ተጋጭቶ መጣልን። ከሰዓት በኋላ ቀዶ ሕክምና ተሠራለት። ከሥራው በኋላ ደም እንደሚያስፈልገው የሠራው ሐኪም ግሩፑ ላይ ጻፈ፤ «ለአልጋ ሰባት ደም ይምጣ»። ያየው ሁሉ እንደ ልማዳችን የተነሳ አውራ ጣት ምልክት አደረገበት። ትርጉሙ «አይቻለሁ» ነው። አንዱ አውራ ጣቱን አነሳ፣ ሌላው ያንን አይቶ «ደሙን ሊያመጣ ነው» ብሎ እሱም አነሳ፣ ሦስተኛው የሁለቱን አይቶ አነሳ። መልእክቱ ሥር የአውራ ጣት መዓት ተደረደረ። ደሙን ለማምጣት የሄደ አንድም ሰው የለም። ነርሶቹ የሐኪሞቹ ግሩፕ ውስጥ ስለሌሉ ትእዛዝ መኖሩንም አልሰሙም። እኔ አውራ ጣቴን ያላነሳሁት ጻድቅ ሆኜ ሳይሆን፣ ዶክተር ዘሃራ በግድ ላንጋኖ ልከውኝ ስለነበር ስልኬ ሳህኑ ውስጥ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ዶክተር ዘሃራ ዋርዱን ሲዞሩ አልጋ ሰባት ላይ ቆሙ። የሰውየውን የዓይን ቆብ በአውራ ጣታቸው ጎተት አደረጉት። ወረቀት መስሏል።

«ደም አልተሰጠውም?»

«ታዟል፣ ዶክተር» አለ ቶሌራ።

«የት ነው የታዘዘው?»

ቶሌራ ስልኩን አሳያቸው። የተደረደረውን አውራ ጣት ቁልቁል አዩት። መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና አዩት።

«ይሄ ሁሉ ሰው አይቶታል?»

«አዎ።»

«እንግዲያው አውራ ጣቱን ያነሳ ሁሉ ክንዱንም ይስጥ!»

የሰውየው ዓይነት ደም ደም ባንክ ውስጥ አልነበረም። የደሙ ዓይነት የሚገጥመውን ሐኪም ሁሉ እያዳፉ ወሰዱን። ደም የምትቀዳው ልጅ ገና በሩ ላይ እያንዳንዱን የምትጠይቀው ነገር ነበራት፤ «ሌሊት በደንብ ተኝተሃል?» ያልተኛ ሰው ደም እንዳይሰጥ ደንብ ነው፤ ሐኪሞቹም ያውቁታል። አንዱ ዞረ፣ ሌላው ዞረ። ቶሌራም አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ደም ለመስጠት የበቃነው እኔ፣ ሲስተር ጫልቱና ራሳቸው ዶክተር ዘሃራ ነን። ክንዳቸውን ዘርግተው እንደተጋደሙ ኮርኒሱን እያዩ ሳቁ፤ ደስ የማይል ሳቅ ነበር። ሰውየው ግን ተረፈ። ዛሬም በዚያው መንገድ ይነዳል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እሳቸው ክፍል ውስጥ በቴሌግራም ትእዛዝ መስጠት ቀረ። ሰው ለሰው፣ ዓይን ለዓይን ሆነ። ከተረኝነት የወጣ ሐኪም ሳይተኛ ቢላዋ መያዝ እንደማይችልም ተናገሩ። ይሄ ደግሞ ጣጣ አመጣ። የቀዶ ሕክምናው ቁጥር ቀነሰ። ዳይሬክተሩ ስብሰባ ጠራን። ወጣት ነው፤ ዶክተር ዘሃራ ራሳቸው ያስተማሩት ልጅ ነበር።

«ዶክተር፣ የእርስዎ ክፍል ውጤታማነት ከሁሉም ወርዷል» አላቸው፤ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ።

«ስንት ሰው እንደቀደድን ነው የምትቆጥሩት። ስንቱን ስተን መልሰን እንደቀደድነው የጠየቀኝ ሰው አለ?»

«እሱ ለብቻው ይታያል...»

«ለብቻው ማን ያየዋል? ቁስሉ ያመረቀዘበት ሰው ነው የሚያየው! ልጆቼ አሁን ቀስ ብለው ይሠራሉ፤ የሠሩት ሰው ግን ተመልሶ አይመጣም። ይሄን ጻፍልኝ እስቲ፣ ኮምፒውተርህ ቦታ ካለው።»

«ዶክተር፣ ሌሎቹ እኮ ሳይተኙም ይሠራሉ።»

«ጉድህ ነዋ ታዲያ! ቁስል ሲያምህ ወደነሱ ሂድ።»

ሁላችንም አንገታችንን ደፋን። እኔ ሳቄን ለመደበቅ ነው፤ ሌሎቹን አላውቅም።

ሳምንት ሳይሞላ ዳይሬክተሩ ግሩፑ ላይ ጻፈ። ዶክተር ዘሃራ ከኃላፊነት ተነስተዋል፣ በምትካቸው ዶክተር ቶሌራ ተመድቧል ይላል። ምስጋናም አለበት፤ «ላበረከቱት አስተዋፅኦ» ምናምን። ሁሉም ለቶሌራ የአበባ ምስል ላከ። ያልሰሙት የተሻሩት ሴትዮ ብቻ ነበሩ።

በማግስቱ ጠዋት ሁላችንም ዋርድ ውስጥ ተሰብስበን ቆመናል። ነጠላ ጫማው ከኮሪደሩ ጫፍ ተሰማ። «አካም ቡልታን!» ብለው ገቡ። ታካሚዎችን ማየት ጀመሩ። ቶሌራ ላብ በላብ ሆነ። እኔን ያየኛል፣ እኔ ሲስተር ጫልቱን አያለሁ፣ እሷ ጣሪያ ታያለች። የሚነግራቸው ሰው ጠፋ። በነጋታውም እንዲሁ። ቶሌራ በእውነቱ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሹመቱንም ለምኖ አላመጣውም። ክብደቱ የቀነሰ እስኪመስለን ድረስ ተጨነቀ። በኋላ እጃቸውን የሚታጠቡበት ጋ ሄዶ ቆመ። እኔ ከጎናቸው እየታጠብኩ ነበር።

«ዶክተር... ግሩፑ ላይ... እርስዎ አላዩትም እንጂ...»

«ምን ሆነሃል? ዱቄት መስለሃል።»

«ከኃላፊነት ተነስተዋል ይላል። እኔን ነው የመደቡት። ይቅርታ፣ ዶክተር።»

ውሃውን ዘጉ።

«ማነው ያለው?»

«ዳይሬክተሩ።»

«ቢሮው ከዚህ ይርቃል?»

«ኧረ አይርቅም፣ ይሄው ደረጃውን ወጣ ብሎ ነው።»

«እግር አለው አይደል? እንግዲያው መጥቶ ፊቴ ቆሞ ይንገረኝ። እስከዚያ እኔ የሰማሁት ነገር የለም። በል፣ የአልጋ አራቱን ቁስል አሳየኝ።»

ዳይሬክተሩ አልመጣም። እግዜር ያሳያችሁ፣ ከዚያ በኋላ በእኛ ዋርድ በኩል ማለፍ ትቶ በኋላ በር መግባት ጀመረ። በወረቀት ኃላፊው ቶሌራ ነው፤ ዋርዱን የሚመሩት ግን ዶክተር ዘሃራ ናቸው። እስኪታመሙ ድረስ በዚሁ ዘለቀ። ነገሩ አልከበዳቸውም ብል ግን ዋሽቻለሁ። ቶሌራ የነገራቸው ቀን ከሰዓት በኋላ ላንጋኖ ክፍል ውስጥ ለብቻቸው ተቀምጠው አገኘኋቸው። «ዳይሬክተሩን መርፌ አያያዝ ያስተማርኩት እኔ ነኝ እኮ» አሉኝ። «እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እጁን ይዤ ነው ያሰፋሁት።» እኔም አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

ሕመማቸው የቆሽት ካንሰር ነበር። ሲታወቅ ረፍዷል፤ ራሳቸው ምስሉን አይተው «በቃ» አሉ። አንድ ቀን ከተረኝነት ወጥቼ በቀጥታ ቤታቸው ሄድኩ። እህታቸው ወይዘሮ ሉባባ አስገቡኝ። ዶክተር ዘሃራ አልጋቸው ላይ ቀና ብለው በጣታቸው ጠቅሰው ጠሩኝ፤ ጎንበስ አልኩ። አውራ ጣታቸው ቀጥኗል፤ የዓይኔን ቆብ ጎተት አደረጉት።

«ሳትተኛ ነው የመጣኸው።»

«እርስዎን ልጠይቅ ብዬ ነው እንጂ...»

«ውጣ! ተኝተህ ና!»

«እህቴ፣ እንግዳ ነው እኮ!» አሉ ወይዘሮ ሉባባ ደንግጠው። እሳቸው ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሄድኩ። ተኝቼ ከሰዓት በኋላ ተመለስኩ። ያኔ እጄን ይዘው፣ «እኔን አሁን እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ሄኖክ» አሉኝ። «ሕመሙ አያስተኛኝም። የሰው እንቅልፍ እንዴት እንደሚያምር አሁን ነው ያወቅኩት።» ለማንም የማላዝነውን ያህል አዘንኩላቸው።

ስለዚህ ያን የመጨረሻ ጠዋት ስልኬን ሳጠፋ የማደርገውን አውቅ ነበር። ሲስተር ጫልቱ «ዛሬን አያልፉም» ብላኛለች። ከቆቃ የመጣ አንድ አሣ አጥማጅ ደግሞ በማግስቱ በእኔ እጅ ሊቀደድ አልጋ ይዟል። እጄ ስልኩ ላይ ቆየ። የሚያመልጠኝ ምን እንደሆነ ስሙን አውቀዋለሁ፣ ሰፈሩን አውቀዋለሁ። ቀብራቸው ላይ የአፈር ድርሻዬን መጣል ከምንም በላይ እፈልግ ነበር። አጠፋሁት።

ማምሻውን ገንደ ሀራ ድንኳኑ ጋ ስደርስ ቶሌራ ተቀበለኝ። ዓይኑ አብጧል።

«አታፍርም?» አለኝ።

«አላፍርም።»

አንድ ሌላ ሐኪም ደግሞ ከጎኑ፣ «ያን ያህል ተኝተው ምን ተረፋቸው? ይሄው ሞቱ» ብሎ አጉረመረመ። ለቅሶ ቤት ባይሆን በጥፊ እለው ነበር። «እንቅልፍ ከሞት ያድናል ያለህ ማነው? እሳቸው የሚሉት ሳትተኛ ሌላ ሰው እንዳትገድል ነው!» አልኩት፤ ድምፄ ሳላስበው ከፍ ብሎ ሰው ሁሉ ዞረ። ወደ ወይዘሮ ሉባባ ሄጄ እጃቸውን ያዝኩ።

«ትወድህ ነበር» አሉኝ። «መምጣት ነበረብህ።»

አልተሟገትኳቸውም። እሳቸው እህታቸውን የቀበሩ ሰው ናቸው፤ ልክ ናቸው። እኔም ልክ ነኝ። ሁለቱም ልክ የሚሆንበት ነገር አለ፤ ሲኖር ደግሞ ያማል። ጥቂት ተቀምጬ ወደ ቤቴ ሄድኩና ተኛሁ።

በማግስቱ ጠዋት የቆቃው ሰውዬ ለቀዶ ሕክምና ተዘጋጅቷል። ቶሌራ ቀድሞኝ ደርሶ እየታጠበ ነው። ከድንኳኑ በቀጥታ ነው የመጣው፤ ሸሚዙም የትናንቱ ነው። በወረቀት የክፍሉ ኃላፊ እሱ ነው። ጎኑ ቆምኩ።

«አካም ቡልቴ?» አልኩት።

«አታሹፍብኝ፣ ሄኖክ።»

አውራ ጣቴን ዘርግቼ የዓይኑን ቆብ ጎተት አደረግኩት። ቀይ ነው። እጄን ይመታዋል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልመታውም።

«ላንጋኖ ሂድ» አልኩት።

«ዛሬ? በእሳቸው ማግስት? አብሬህ ልሥራ፣ ለእሳቸው መታሰቢያ ብዬ ነው የመጣሁት። ይሄ እንዴት ያመልጠኛል?»

ሲስተር ጫልቱ ከበሩ ሥር የብረት ሳህኗን ይዛ ቆማለች። እንባዋ ይወርዳል፤ ሳህኑን ግን ወደ ቶሌራ ዘርግታለች።

«ያምልጥህ!» አልኩት።

ቶሌራ ውሃውን ዘጋ። ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ሳህኑ ላይ ጣለውና ወደ ጨለማዋ ክፍል ገባ፤ በሩን ከኋላው ዘጋው። ስልኩ ብረቱ ላይ መንጫጫት ጀመረ፤ ግሩፑ ገና ለእሳቸው ሻማ እየላከ ነበር። ሲስተር ጫልቱ አጠፋችው፤ እኔም እጄን ታጥቤ ወደ ሰውዬው ገባሁ።